መኪናም ያልበዋል ተባልኩ

አቦ ዛሬ ማንም እንዳይነካኝ።

ያ የመኪናዬ የመሪ ዘይት መፍሰስ ጉድ ዛሬም አላለቀም። ጋራዦቹ የመሪው ፓምፕ ነው ብለው ቀየሩ፣ ብር ተቀበሉ፣ አሮጌውን እንኳ አላሳዩኝም። ዛሬ ጠዋት ስነሳ ያው ቀይ ዘይት መኪናው ሥር ፈሶ ጠበቀኝ።

ሄድኩላቸው። በርጫ ተይዟል። መሪው ይከብደኛል፣ ሳዞረው ያቃስታል፣ ዘይቱም እየጎደለ ነው አልኩ። ሰውዬው ከተጋደመበት ንቅንቅ ሳይል ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «እህቴ፣ የድሬ ሙቀት ነው። ሰው ያልበዋል፣ መኪናም ያልበዋል።» ሁሉም ሳቁ። አንዱ ደግሞ «ስፖርት ሥሪ፣ ክንድሽ ይጠንክር» ብሎ ጨመረልኝ። ኮፈን የከፈተ የለም! ቁልፌን ይዤ ቆሜ ቀረሁ። ያላበውስ እኔን ነው።

እነዚሁ ናቸው እኮ ግንቦት ላይ ኤሲውን «ጋዝ ሞላነው» ብለው በእሳት ነፋስ የሸኙኝ።

ቤት ገብቼ ወንድሜን ጠራሁት። ቱቦውን፣ ፓምፑን፣ ሁሉንም በጨርቅ ጠራርገን አደረቅን። ሞተር አስነሳሁ፣ መሪውን ግራ ቀኝ አዞርኩ፣ እሱ በስልኩ መብራት አየ። ወዲያው ታየ! ከፓምፑ የሚወጣው የግፊት ቱቦ፣ ጎማው ከብረቱ ጋር የተጨመቀበት ቦታ ላይ፣ ዘይቱ ጠብ ጠብ ይላል። ከዚያ ብረቱን ይዞ ይወርድና ታች ይንጠባጠባል። አዲሱ ፓምፕ ድርቅ ብሏል። ዘይት ወደ ታች እንደሚፈስ ለማወቅ መካኒክ መሆን ያስፈልጋል እንዴ? ጠርጎ ከላይ መጀመር ነው እኮ!

ፎቶውን ለመካኒኩ ላኩለት። «ፋሸታ እናስርበታለን» አይለኝም? ያቺን የቱቦ ማጥበቂያ ቀለበት! ዘይቱ ያለ ብዙ ግፊት የሚመለስበት ቱቦ ቢሆን እሺ። ይሄኛው መሪው እስከ ጥግ ሲዞር ከ70 ባር በላይ ግፊት የሚችል ቱቦ ነው። ጎማዬ ውስጥ ያለው ነፋስ እኮ ከ2 ባር ትንሽ ቢበልጥ ነው! እሱን ነው በፋሸታ የሚያስረው። ከዚያ የሐረር መንገድ ላይ የደንገጎን ዳገት ውጪበት ሊለኝ ነው፣ በዚያ ሁሉ ጥምዝ።

መለዋወጫ ቤቶቹን አዳረስን፣ ቱቦው የለም። ከአዲስ አበባ ይመጣል አሉ። መቼ? ሲመጣ። ሐረር መሄዴ ቀረ፣ እናቴም ተቀየመች። እስከዚያው ጠዋት ጠዋት ዘይት እየጨመርኩ እዚሁ ድሬ ውስጥ ከሰቢያን ከዚራ እመላለሳለሁ፣ እንግዲህ ምን ይደረጋል።

ይኸው አሁን ደግሞ ሰውዬው እየደወለ ነው። የፓምፑ ቀሪ ሂሳብ አለ እኮ ይለኛል!