ጎመናችን ንብ አይጠብቅም

በጋራ የምናለማውን የአትክልት ቦታ የሚያስተዳድረው ኮሚቴ ባለፈው ሳምንት ባሳለፈው ውሳኔ፣ ተባይን ለመከላከል በመደቦቻችን ላይ የዘረጋናቸውን ስስ ጨርቆችና መረቦች በሙሉ እንድናነሣ አዝዞናል። የሰጠን ምክንያት ሦስት ነው፤ ንቦችን ከአበባ ያግዳሉ፣ ተክሉን አየር ያሳጣሉ፣ የቦታውንም መልክ ያበላሻሉ። በዚያው ስብሰባ አንድ የኮሚቴው አባል ተባይ ያስቸገረው ሰው በየሳምንቱ መድኃኒት ቢረጭ እንደሚበቃው ተናግረዋል። በመልክ ጉዳይ አልከራከርም። ለንብ ተቆርቋሪ ሆኖ ቀርቦ ርጭትን መምከር ግን ዝም ተብሎ የሚታለፍ ነገር አይደለም።

ከጥቅል ጎመን፣ ከሰላጣ፣ ከቆስጣ፣ ከካሮትና ከሽንኩርት የምንመገበው ቅጠላቸውን ወይም ከአፈር የሚወጣውን ክፍላቸውን ነው። እነዚህ ተክሎች ካበቡ የመመገቢያ ጊዜያቸው አልፏል፤ ዘር ለመሰብሰብ ካልተፈለገ በቀር ንብ በላያቸው የምትሠራው ሥራ የለም። ቲማቲም በራሱ አበባ ይራከባል፤ ነፋስ ቢያወዛውዘው ይበቃዋል። ንብ የሚያሻቸው እንደ ዱባና ሐብሐብ ያሉት ናቸው፤ ለእነርሱም ጨርቁ ችግኙ ለጋ ሳለ ይለብስና አበባው ሲፈነዳ ይነሣል። ጨርቅ ዘርግቶ የሚያውቅ ሰው ሁሉ የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ ኮሚቴው አንዱን ጠርቶ ቢጠይቅ ኖሮ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ይረዳው ነበር። ንብን የሚገድለው ርጭት ነው፤ ብዙዎቹ ፀረ ተባይ መድኃኒቶች ንብን ከትል አይለዩምና።

ከሁሉ በላይ ግን ሊዘነጋ የማይገባው፣ ነፍሳት መርዝን የሚለምዱ መሆናቸው ነው። አንድ መደብ በተረጨ ቁጥር በተፈጥሯቸው መርዙን የሚቋቋሙ ጥቂት ትሎች ይተርፋሉ፤ እነዚያው ይራባሉ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ጎመኑን የሚበሉትም የእነርሱ ልጆች ናቸው። ዳይመንድባክ የምትባለውን የጎመን የእሳት እራት እንመልከት። ዲዲቲ የተባለውን ፀረ ተባይ መድኃኒት መቋቋሟ በጃቫ ደሴት የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1953 ነበር። ከዚያ ወዲህ የወጡትን መድኃኒቶች አንዱን ከሌላው እያስከተለች ተላምዳቸዋለች፤ ቢቲ ከሚባለው ባክቴሪያ የሚሠራውንና የተፈጥሮ ነው ተብሎ የሚወደሰውን መድኃኒት እንኳ በሐዋይ ማሳዎች መቋቋሟ እ.ኤ.አ. በ1990 ይፋ ሆኗል። በሞቃት አካባቢ በአንድ ዓመት ውስጥ እስከ 20 ትውልድ የምትፈራረቅን ነፍሳት በየሳምንቱ ርጭት አሸንፋለሁ ማለት፣ መርዝ የማይነካውን ዘሯን በገዛ እጅ መርጦ እንደማርባት ነው። መረብን ግን ማን ይለማመደዋል? ቀዳዳው ከሰውነቷ ከጠበበ እናቲቱ አታልፍም፣ ልጇም አታልፍም፣ ከመቶ ትውልድ በኋላ የምትመጣውም አታልፍም። 1.3 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ያለው መረብ ነጩን የጎመን ቢራቢሮና የካሮት ዝንብን ያስቀራል፤ ቅጠሉን በጥቃቅን ቀዳዳ የምትበሳሳው ፈንጣሪ ጥንዚዛ 0.8፣ ነጭ ዝንብ ደግሞ 0.3 ሚሊ ሜትር አካባቢ የሆነ ጠበቅ ያለ መረብ ይፈልጋሉ። ፍራፍሬም እንዲሁ ነው፤ የፍራፍሬ ዝንብ እንቁላሏን ከልጣጩ ሥር ስለምትጥል፣ ትሉ ውስጥ ከገባ በኋላ ላይ ላዩን የሚረጭ መድኃኒት ምን ይደርስበታል? ፍሬው ገና ጥሬ ሳለ በጨርቅ ከረጢት ቢታሰር ግን ዝንቧ መብሻ አታገኝም።

አየር ያሳጣል የተባለው ከየት እንደመጣ አላውቅም። ለዚህ ሥራ ተብሎ ፖሊፕሮፒሊን ከተባለው የፕላስቲክ ዓይነት የሚሠራው ጨርቅ አንድ ካሬ ሜትሩ 20 ግራም እንኳ የማይመዝን ሲሆን፣ አየርና ውኃ ያሳልፋል፣ ከብርሃኑም 85 በመቶ ያህሉን ያስገባል። በብርቱ ሙቀት ጊዜ ከሥሩ ሙቀት እንደሚጨምር አምናለሁ፤ ያን ጊዜ ግን በጨርቁ ፋንታ መረብ ይዘረጋል እንጂ መደቡ ራቁቱን አይተውም።

ጨርቅ ዘርግተው ተባይ አላስጣለኝም የሚሉ ሰዎችም አሉ። እነዚህን ስጠይቅ ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ ከአዘረጋጉ ነው፤ ጠርዙ በአፈር አልተቀበረም፣ ወይም ጨርቁ በቅስት ዘንግ ሳይነሣ ቅጠሉ ላይ ተኝቶ ቢራቢሮዋ በቀዳዳው በኩል እንቁላሏን ጥላለች፣ ወይም ዐምና ጎመን በነበረበት መደብ ዘንድሮም ጎመን ተተክሎ በአፈሩ ውስጥ የተኛው ተባይ ከነመጠለያው ተከድኖበታል። ኮሚቴው ስለ አዘረጋጉ ደንብ ቢያወጣ ኖሮ የመጀመሪያው ፈራሚ እኔ በሆንኩ።

ችግኞቼን ካዛወርኩ ሦስት ሳምንት ሆኗቸዋል፤ ነጫጭ ቢራቢሮዎቹም ከመረቡ በላይ ማንዣበብ ጀምረዋል። ኮሚቴው የሰጠን ቀን እሑድ ያበቃል። ሰኞ ጠዋት የእኔን መደብ ለማየት የሚመጣ ሰው መረቡን በቦታው ያገኘዋል።