እማማ፣ ኮዱ መጣልዎ?

ባለፈው ሳምንት ደሴ ፒያሳ አንድ ኮፒ ቤት ደጅ ላይ ሰልፉ አስፋልት ነክቷል። ውስጥ ያለው ልጅ የፋይዳ ካርድ ያትማል። አንዲት እናት ተራቸው ደርሶ ባለ16 አሃዙን ቁጥር አስነበቡ። ልጁ ከስክሪኑ ቀና ሳይል «እማማ፣ ኮዱ መጣልዎ?» አለ። እሳቸው ማንበብ ስለማይችሉ ስልኩን ከኋላቸው ለቆመችው ሰጧት፤ እሷም የኮዱን ስድስት ቁጥር አንድ በአንድ፣ ጮክ ብላ፣ ለመንገዱ ሁሉ አወጀች። ጥግ ላይ የቆመ ሰው «ስንት አለች?» ብሎ ሲጠይቅ ተደገመለት።

የወሎ ሰው ቸር ነው ሲባል እንዲህ ነው እንግዲህ። ባለ16 አሃዙ ቁጥር ብቻውን ብዙ አያራምድም፤ «ባለቤቱ እኔ ነኝ» ብሎ በጣት አሻራ ፈንታ የሚመሰክረው ያ ስልክ ላይ የሚመጣ ኮድ ነው። ስለዚህ ቁጥሩን ለልጁ፣ ኮዱን ለሰልፈኛው ማከፋፈል ትልቅ ፍትሐዊነት ነው። ኮድ የሚልኩ መልእክቶች «ለማንም አይንገሩ» ይላሉ፤ ጎረቤት ደግሞ «ማንም» አይደለም።

ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ግን የኮፒ ቤቶቻችን ዴስክቶፕ ነው። የጀርባው ሥዕል ጦሳ ተራራ ይሁን ፏፏቴ የሚያውቅ የለም፤ ፋይል ሸፍኖታል። «ኒው ፎልደር 17» አለ። «መታወቂያ የመጨረሻ» አለ፣ ጎኑ «መታወቂያ የመጨረሻ እውነተኛው» አለ። የልደት ካርድ፣ የፍቺ ውሳኔ፣ የቤት ካርታ፣ የደመወዝ ማስረጃ፣ የሐኪም ወረቀት፣ ሁሉም እንደ አንድ ቤተሰብ ተደርድሯል። ታሪክ አጥኚዎች ወመዘክር ድረስ ምን ያንከራትታቸዋል? ሽማግሌ ሊልክ የተነሣ ቤተሰብም ሰባት ቤት ለመቁጠር ገጠር መውረድ አይጠበቅበትም፤ የልጅቷን ስም ከነአያቷ፣ የተወለደችበትን ዓመት፣ ደመወዟን፣ ከዚህ በፊት አግብታ እንደሆነም አንድ ፎልደር ይነግረዋል። ቤት ገዢውም ካርታው በባንክ ተይዞ እንደሆነ እዚያው ያጣራል፤ የብድር ውሉ ከካርታው ሁለት ረድፍ ዝቅ ብሎ አለና። ዕድር ቢቋቋም ከዚህ የተሟላ የአባላት መዝገብ የት ይገኛል? እኔማ ማዘጋጃ ቤቱ ቢቃጠል አልደነግጥም፤ መናኸሪያ አካባቢ ያለ አንድ ኮፒ ቤት ከተማዋን እንዳለች መልሶ ያትማታል። ብቻ ልጁ ኮምፒውተሩን ፎርማት እንዳያደርገው ዱዓም ጸሎትም ይደረግ።

ይህ ሀብት እንዴት እንደሚከማች ለማያውቅ፦ ደንበኛው መታወቂያውን በቴሌግራም ይልካል። ኮምፒውተሩ ላይ ያለው ቴሌግራም ፋይሉን «ዳውንሎድስ» ውስጥ ባለ የራሱ ፎልደር ያስቀምጠዋል። ደንበኛው ቤቱ ገብቶ ጠንቃቃ ነኝ ብሎ መልእክቱን ከሁለቱም ወገን ያጠፋል። ጠፋ! ከቻቱ። ፎልደሩ ውስጥ የገባው ቅጂ ግን ንቅንቅ አይልም፤ ልጁ በእጁ ካላጠፋው የሚነካው የለም። ቢያጠፋውም መጀመሪያ የሚያርፈው ሪሳይክል ቢን በሚሉት የኮምፒውተሩ ቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ ነው፤ እሱን ባዶ ማድረግ ደግሞ በእኛ ሰፈር እንደ ነውር ይቆጠራል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መውጣቱን የሰማ ባለሱቅ ካለ፣ ኮፒ እንዲያደርግለት የመጣ ሰው ነግሮት መሆን አለበት።

እዚያው ዴስክቶፕ ላይ የፓስፖርት ፎቶዎችም አሉ። ሪያድ፣ ጅዳ፣ ቤይሩት የሄዱ ልጆች። ፓስፖርታቸው አሠሪ እጅ ገብቶ የራሳቸውን ስም እንኳ በራሳቸው ወረቀት ማስረዳት ያቃታቸው ልጆች፣ ፊታቸውና ቁጥራቸው እዚህ ለመጣ ለሄደው ተዘርግቷል። ልጅቷ ሌሊት ሳትተኛ ያጠራቀመችውን ስትልክ ደግሞ እናቷ ባለስድስት አሃዝ የቴሌብር ፒናቸውን ለሱቁ ልጅ ነግረው፣ ስልኩንም አቀብለው «አንተው አውጣልኝ ልጄ» ይላሉ። ስልክም ፒንም እጁ የገባ ሰው ከዚያ በኋላ የማንን ፈቃድ ይጠብቃል? ማንበብ አለመቻል ወንጀል አይደለም። ይህን እያወቀ ያን ፒን ደብተሩ ላይ ከስማቸው ጎን የሚጽፍ ባለሱቅ ግን፣ ራሱ ባይሰርቅ እንኳ ለሌባ በር ከፋች ነው። ያሳፍራል!

ወደ ምስጋናችን እንመለስ። ፍላሽ አለ። ከደሴ ኮምቦልቻ ያለ ቪዛ የሚመላለስ፣ ያልተሰካበት ኮምፒውተር የሌለ ፍላሽ። ሲከፈት ፎልደሮቹ ሁሉ ትንሽ ቀስት ያለባት ሾርትከት ሆነው ይገኛሉ። ቫይረሱ እውነተኛዎቹን ደብቆ በስማቸው የራሱን በር አቁሟል፤ ሾርትከቷን ስትጫን መጀመሪያ እሱ ይነሣል፣ ቀጥሎ ፎልደርህን ይከፍትልሃል፣ ስለዚህ ምንም እንዳልሆነ ታስባለህ። ፋይሉ አልጠፋም፤ የተደበቁትን የሚያሳየው ምርጫ ሲከፈት፣ ካልሆነም በኮማንድ መስኮት «አትሪብ» በምትባለው ትእዛዝ የመደበቂያ ምልክቱ ሲነሣለት ብቅ ይላል። ሊቃውንቶቻችን ግን ይህን ሁሉ አይደክሙም። «አብሽር፣ ፎርማት አርገዋለሁ» ይላሉ። የመመረቂያ ጽሑፉም ቫይረሱም አብረው ይሸኛሉ። ከዚያ የጸዳው ፍላሽ እዚያው በሽተኛ ኮምፒውተር ላይ ተመልሶ ይሰካል።

መቼም ሕዝብ መካከል ጨካኝ አይጠፋም። ኮዱን ስክሪኑን ወደ ራሱ አዙሮ ራሱ የሚጽፍ አለ። ፍላሹ ላይ የምትታተመዋን አንዲት ፋይል ብቻ ጭኖ የሚመጣ አለ። መታወቂያውን ኮፒ ካስደረገ በኋላ በላዩ ላይ አግድም «ለሲም ካርድ ማውጫ ብቻ» ብሎ ቀን የሚጽፍ፣ ተበላሽታ የወጣችውንም ወረቀት ቆሎ መጠቅለያ ሳትሆን ቀዶ ኪሱ የሚከት አለ። በሱቁ ኮምፒውተር የራሱን ቴሌግራም ከከፈተ፣ ሲወጣ ስልኩ ላይ ሴቲንግስ፣ ከዚያ ዲቫይስስ ገብቶ ሌሎቹን መሣሪያዎች በሙሉ የሚያስወጣም አይቻለሁ። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ሒሳቡን ከፍሎ አይሄድም፤ ቆሞ «አጥፋልኝ፣ ከሪሳይክል ቢኑም አጥፋልኝ» ይላል። ከኋላው ሰልፉ ያጉረመርማል፣ ልጁም ማውሱን እየጎተተ «አቦ አንተ ደግሞ ታካብዳለህ!» ይለዋል።