ዘበኛው ከአንድ ሰዓት በኋላ

ከሁለት ሳምንት በፊት፣ ቅዳሜ ማታ፣ ከጓደኞቼ ጋር ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ ስንጫወት አንድ ከተማ በር ላይ ደረስን። በሩ ዝግ ነው። ዘበኛው ማንንም እንዳያስገባ ታዟል። አስማተኛ ሆኖ የሚጫወተው ጓደኛችን ቻርም ፐርሰን የሚባለውን፣ ሰውን ለጊዜው ወዳጅ የሚያደርገውን ድግምት ጣለበት። ጨዋታ መሪው ዘበኛው ድግምቱን ይቋቋም እንደሆነ ለማየት ባለ 20 ገጽ ዳይሱን ወረወረ። 4 ወጣ፤ አነሰ። አለቀ። ዘበኛው ፊቱ በራ፤ "እንዴ፣ ወንድሜ! አንተ ነህ?" ብሎ በሩን ወለል አድርጎ ከፈተው። ሳቅን። ደም አልፈሰሰ፣ ሰው አልሞተ፣ ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል?

ጨዋታውን ለማታውቁት፦ አሜሪካኖቹ ጌሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን ናቸው በ1974 እ.ኤ.አ. ያወጡት። አንዱ ታሪኩን ይመራል፤ ሌሎቻችን አንዳንድ ገጸ ባሕርይ ይዘን "እንዲህ አደርጋለሁ" እንላለን፤ አጠራጣሪውን ዳይስ ይፈርደዋል። ቻርም ፐርሰን ከመጀመሪያው እትም ጀምሮ አለ። በ1978ቱ የተጫዋቾች መመሪያ ላይማ ድግምቱ የሚቆየው በተጠቂው የማሰብ ችሎታ ልክ ነበር። በጣም ብልህ የሆነው በየቀኑ የመላቀቅ ዕድል ያገኛል። የመጨረሻው ደነዝ ግን ዕድሉን የሚያገኘው በየሦስት ወሩ ነው። ሦስት ወር ሙሉ የሰው ወዳጅ ሆኖ መክረም! ይህን ሰንጠረዥ መጀመሪያ ሳየው ስቄ ነበር። አሁን እንደዚያ አያስቀኝም።

የሚገርመኝ ሌላ ነገር አለ። በ2014 እ.ኤ.አ. በወጣው እትም ድግምቶች በዘርፍ ተከፍለዋል። ሬሳ አስነስቶ ማዘዝ የሚመደብበት ዘርፍ ላይ መጽሐፉ ቆም ብሎ ይመክራል፤ ይህ መልካም ሥራ አይደለም፣ ይህን የሚያዘወትሩት ክፉዎች ብቻ ናቸው ይላል። የሰው ልብና አእምሮ የሚጠመዘዝበት ዘርፍ ላይ ግን እንዲህ ያለ ምክር የለም። ሬሳው እኮ አይቀየምም። ማታ ቤቱ ገብቶ "ምን ነክቶኝ ነው?" ብሎ አያድርም። በሕይወት ያለው ሰው ነው የሚያድረው።

ሕጉ ሙሉ በሙሉ ዝም አላለም፣ እውነቱን ለመናገር። በዚሁ እትም ቻርም ፐርሰን የሚቆየው አንድ ሰዓት ነው። ሰዓቱ ሲያልቅ ተጠቂው ምን እንደተደረገበትና ማን እንዳደረገው ያውቃል። ጥሩ ነው። ግን ተጫዋቾች ይህን መስመር እንዴት እንደምናነበው ልንገራችሁ፦ "ሰዓቱ ሳያልቅ እንሽሽ።" አራት ሰው ነበርን፤ ስለ ዘበኛው ያሰበ አንድም አልነበረም። አለቃው ሲመጣ ምን ይመልሳል? በሩን በገዛ እጁ ነው የከፈተው። "ድግምት ነው" ቢል ማን ያምነዋል?

"ጨዋታ ነው ባክህ፣ አታካብድ" ይሉኛል። በዚያው ማታ ስንቱን በሰይፍ ጥለን የለ? ጥለናል። ዘበኛው ከሚሞት ቢፈዝ እኔም እመርጣለሁ። ግን በሰይፍ የገጠመን ሰው ቢያንስ እስከ መጨረሻው እምቢ ብሎናል። ዘበኛውን እምቢታውን ነው የወሰድንበት። ያውም በፈገግታ።

ነገሩ የሚገባን በራሳችን ሲደርስ ነው። አንድ ጊዜ የእኔን ገጸ ባሕርይ ጠላት በዶሚኔት ፐርሰን ያዘው። ይህኛው ከበድ ያለ ነው፤ ሰውየው የታዘዘውን ሁሉ ያደርጋል። ጨዋታ መሪው "የቆሰለችው ጓደኛህን ምታት" አለኝ። ዳይሱን የወረወርኩት እኔው ነኝ። እሷን የምትጫወተው ልጅ ዝም ብላ አየችኝ። በዚህ ጨዋታ ተጫዋች ያለው ነገር አንድ ብቻ ነው፤ "እንዲህ አደርጋለሁ" ማለት። እሱን ሲወስዱበት ወንበር ላይ ተቀምጦ ቡና ይጠጣል። ቀድሞ "ይህ ቢደርስብህ ይስማማሃል?" ብሎ መጠየቅ ምንም አያስከፍልም። ብዙ ጨዋታ መሪዎች አሁን ከመጀመሪያው ዳይስ በፊት ይጠይቃሉ፤ ደግ አደረጉ።

አንዱን ግን ለድርድርም አላቀርበውም። ድግምቱን የመጠጥ ቤቷ አስተናጋጅ ላይ ጥሎ "ዛሬ ከእኔ ጋር ታድራለች" የሚል ተጫዋች አለ። እንግሊዝኛው "ማራኪነት" አስመስሎ ያለሰልሰዋል። በአማርኛ መስተፋቅር ይባላል። እናቶቻችን ይህን ቃል ሲጠሩ ድምፃቸውን ዝቅ የሚያደርጉት በከንቱ አይደለም። በመስተፋቅሩ ብናምን ባናምንም፣ "አዞረባት" ሲባል የተበደለው ማን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። እኔ በምመራው ጨዋታ እንዲህ ያለው ሰው ዳይስ አይወረውርም፤ ወደ ሌላ ትዕይንት እናልፋለን።

ወደ ዘበኛው ልመለስ። ባለፈው ቅዳሜ፣ ጨዋታው ውስጥ በማግስቱ፣ ማደሪያ ቤት ቁጭ ብለን ወርቃችንን ስንቆጥር በሩ ተንኳኳ። ጨዋታ መሪው "ዘበኛው ነው" አለ። ብቻውን ነው። የደንብ ልብሱን አውልቋል፤ ሰይፍም አልያዘም። አስማተኛችን ፊት ቆመና "ትናንት ወንድሜ ያልኩህ እኔ ነኝ ወይስ አንተ?" ብሎ ጠየቀው።

ጓደኛዬ ወረቀቱን አንስቶ ስንት ድግምት እንደቀረው መቁጠር ጀመረ።