እማዬ በየት ጎኗ ናት?

ቨርጂኒያ ውስጥ ነርሲንግ ሆም (የአረጋውያን መጦሪያ ቤት) መሥራት ከጀመርኩ አሥራ አንድ ዓመት ሆነኝ። ሥራዬ ሰው ማጠብ፣ ማልበስ፣ ማብላት፣ ጎን ማገላበጥ ነው። የአገር ልጆች ስንገናኝ ወሬያችን ዞሮ ዞሮ እዚያው ነው። «እነዚህ ፈረንጆች እናታቸውን ጥለው እንዴት እንቅልፍ ይወስዳቸዋል?» እንላለን። እኔም ብዬዋለሁ፣ ያውም ደጋግሜ። ዘንድሮ ደሴ ደርሼ ከተመለስኩ ወዲህ ግን አፌ እሺ አይለኝም።

ጣሉ የምንላቸው ልጆች እናታቸውን ከማስገባታቸው በፊት ምን እንደሚያደርጉ ልንገራችሁ። አሜሪካ ውስጥ መንግሥት ለነርሲንግ ሆሞች ከአንድ እስከ አምስት ኮከብ ይሰጣል። በፈረንጆች 2008 የተጀመረ አሠራር ነው። ኮከቡ የሚሰላው ተቆጣጣሪዎች ሳይታሰቡ መጥተው ካዩት፣ ከሠራተኛው ብዛትና ከነዋሪዎቹ ሁኔታ ነው። ስንቱ ወደቀ፣ ስንቱ የአልጋ ቁስል አወጣ፣ ተመዝግቦ ኢንተርኔት ላይ ይወጣል። በዕለቱ ስንት ሠራተኛ እንደገባም በየቀኑ ለሰው በሚታይ ቦታ ይለጠፋል።

ብልህ ልጅ ግን በኮከቡ ብቻ አትረካም። አንዷን አልረሳትም። እሁድ ማታ፣ ልክ በራት ሰዓት፣ ሳትደውል መጣች። መግቢያው ላይ ያለውን አበባ ዞር ብላም አላየችው። ቀጥታ ኮሪደሩ ላይ ቆመች። አንድ በር ላይ የጥሪ መብራት በርቷል። ሰው እስኪመጣ ድረስ ሰዓቷን ታያለች። ሽታውን አሸተተች። የውሃው ኩባያ ለአሮጊቷ እጅ ይደርስ እንደሆነ አየች። የአንድ ሽማግሌ ጥፍር መቆረጡን አየች። ከዚያ ወደ እኔ መጣችና «ዛሬ ማታ ስንት ሰው ይዘሻል?» አለችኝ። ነገርኳት። «እዚህ ስንት ዓመት ሠራሽ?» አለች። ጥያቄዋ ገባኝ። ሠራተኛ በየወሩ የሚቀያየርበት ቤት ማንም ማንንም አያውቅም። እናቷን ሐሙስ አመጣቻት። ከዚያ በኋላም አንዴ ጧት፣ አንዴ ማታ፣ አንዴ በምሳ ሰዓት ብቅ ትላለች። ይቺ ልጅ እናቷን አልጣለችም።

የዚህኛው አገር ኑሮ ሁሉ ደህና ነው ማለቴ አይደለም። ዋጋው ቤት ያሸጣል። የግል ክፍል ብዙ ቦታ በዓመት ከ100 ሺህ ዶላር ያልፋል። ሜዲኬር የሚባለው የመንግሥት የአረጋውያን ጤና መድን የሚከፍለው ከሆስፒታል ወጥቶ ሕክምናው ለሚቀጥል ሰው ቢበዛ ለ100 ቀን ነው፣ ሙሉውን የሚሸፍነውም የመጀመሪያዎቹን 20 ቀናት ብቻ። ብቸኝነቱ ደግሞ አለ። ምንም ሳትፈልግ ደወል የምትጫን ሴት አለችኝ። ስገባ እጄን ይዛ ዝም ትላለች። ወር ሙሉ ጠያቂ አልመጣላትም።

እንግዲህ የእኛን ልንገራችሁ።

እማዬን ስትሮክ ከመታት ሁለት ዓመት አለፈ። ቀኝ ጎኗ አይታዘዝላትም። እኔ እዚህ ነኝ፣ ወንድሜ ዱባይ ነው፣ እህቴ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ትሠራለች። መጦሪያ ቤት የሚባል ነገር ከአፋችን ወጥቶ አያውቅም። አዲስ አበባ ያለው መቄዶንያ ጧሪ ያጡትን ከየጎዳናው እያነሳ የሚረዳ የተከበረ ቤት ነው። ልጆች ያሏት እናት ግን መጦሪያ ገባች ቢባል፣ ደሴ ላይ ቀና ብለን አንሄድም። ስለዚህ ገንዘብ አዋጣን፣ ልጅ ቀጠርንላት፣ ሁላችንም ተረጋጋን። እሁድ እሁድ በቪዲዮ አያታለሁ። ነጠላዋ ንጹሕ ነው፣ ፊቷ ይስቃል። «አብሽሪ ልጄ» ትለኛለች። የማየው ፊቷን ብቻ እንደሆነ ልብ አላልኩም።

ኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ ወርጄ የሐረጎን ተራራ ስንወጣ ጉሙ መንገዱን ሸፍኖታል። ታች ሙቀት ነበር፣ ደሴ ስገባ ጃኬቴን ለበስኩ። ሆጤ ሰፈር ያለው ቤታችን በሰው ተሞልቷል። የቅሬ ሴቶች (ወሎ ቅሬ የሚለው ሌላው አገር እድር የሚለውን ነው)፣ የማኅበር ሰዎች፣ የድሮ የሥራ ጓደኞቿ። ጎረቤታችን ሐጃ ጧት ጧት እሷን ሳይጠይቁ አይውሉም። ቡናው እስከ በረካ ይጠጣል። ምርቃቱ ደግሞ የወሎ ምርቃት ነው፣ አያልቅም። «ጧሪ ቀባሪ አያሳጣችሁ» ይሉናል። ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። ያቺ ደወል የምትጫነው ሴት ትዝ አለችኝ። እማዬ በሳምንት አርባ ሰው ይጠይቃታል።

ማታ «ዛሬ እኔ ነኝ የማጥብሽ» አልኳት። ጋቢውን ገለጥኩ። ወደ ጎን አዞርኳት። ከወገቧ በታች፣ አጥንቱ ላይ፣ የቡና ስኒ አፍ የሚያህል ቁስል። ተረከዟ ጠቁሮ ጠጥሯል። ስነካው ጥርሷን ነክሳ ዝም አለች። ለሁለት ዓመት ያመናት ሁሉ ዝም ያለችው እንዲሁ እንደሆነ ያኔ ገባኝ።

ልጅቷ በሩ ላይ ቆማ ማልቀስ ጀመረች። «እትዬ፣ ብቻዬን አይነሱልኝም» አለች። አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። ሌሊት እዚያው ወለሉ ላይ ፍራሽ ዘርግታ ነው የምትተኛው። አንሶላ በእጇ ታጥባለች፣ ምግብ ትሠራለች፣ ለዚያ ሁሉ ጠያቂ ቡና ታፈላለች። ሰው በየሁለት ሰዓቱ ይገላበጣል ብሎ የነገራት የለም። እኔ የምሠራበት ቤት ሦስት ሺፍት የሚሠራውን እሷ ብቻዋን ትሠራዋለች። አሜሪካ ውስጥ ለዚህ ሥራ ሕጉ የሚያዘው ሥልጠና ቢያንስ 75 ሰዓት ነው። እኛ ለልጅቷ አንድ ሰዓት እንኳ አልሰጠናትም። ቁጣዬ እሷ ላይ ሊወጣ ነበር፣ ግን በምን አፌ?

ጠያቂዎቹም ጥፋት የለባቸውም። ሳሎን ይቀመጣሉ፣ ፊቷን ያያሉ፣ ይመርቃሉ። የታመመ ሰው ጋቢ መግለጥ በእኛ ነውር ነው። አርባ ሰው ገብቶ የወጣበት ቤት ውስጥ ያንን ቁስል ያየ ዓይን አልነበረም። የፈረንጆቹ ተቆጣጣሪ ቢሆን መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው። እኛ እናታችን ቤቷ ስላለች፣ ቤቱን መመርመር እንዳለብን አላሰብንም። የሰው እናት የተኛችበትን አልጋ በየቀኑ ስፈትሽ የራሴን እናት አልጋ አልፈተሽኩም።

በማግስቱ ሆስፒታል ወሰድናት። ቁስሉ ታጠበ፣ መድኃኒት ታዘዘ። ማታ ከእህቴ ጋር ተቀመጥን። እህቴ «ኮምቦልቻ ልውሰዳት» አለች። እውነቷን ነው። ኮምቦልቻ ሙቀት አለ፣ መሬቱ ሜዳ ነው፣ እሷ ቤት መጸዳጃው ውስጥ ነው። የሆጤው ቤት ደረጃ አለው፣ መጸዳጃው ጓሮ ነው፣ ብርዱ አጥንት ይገባል። ዊልቸር ገፍተህ የትም አትወጣም። እኔም ልቤ ወደዚያ ነበር። እማዬ ግን ሰምታናለች። «ቅሬዬን ትቼ?» አለች።

 ቅሬው ሙሽራ ሆና ከገባችበት ቀን ጀምሮ ያልቀረችበት ነው። ስንቱን አልቅሳ ቀብራለች። ከሚያውቀው ቦታ ተነቅሎ የመጣ ሽማግሌ እንዴት እንደሚሆን በሥራዬ አይቻለሁ። መጀመሪያ ወሬ ያቆማል፣ ከዚያ ምግብ። ሙቀቱንና ሜዳውን ተውነው። ቤቱን ለማስተካከል ወሰንን።

ለሌሊቱ በዕድሜ ጠና ያለች ሴት ቀጠርን። ጡረታ የወጣች ነርስ ጎረቤት አለችን፣ በሳምንት ሦስት ቀን መጥታ ቁስሉን ልታሽግ ተስማማች። ለቅሬ ሴቶች ነገሩን ሳልደብቅ ነገርኳቸው። ሐጃ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጭነው ቆዩ። ከዚያ «ቡናውን ከዛሬ ጀምሮ እኛ እናፈላለን፣ ልጅቷን ተዉአት» አሉ። በተራ ምሳ የሚያበላትም ከእነሱ መሃል ተመደበ። ጾም ነበርና እንቁላልና ወተት እንቢ ብላን ነበር። የንስሐ አባቷ መጥተው ሕመምተኛ እንደማይገደድ ሲነግሯት ተቀበለች። ቁስል ያለ ምግብ አይድንም።

ከልጅቷ ጋር ሦስት ሳምንት ሠራን። ጉልበት ሳትጨርስ በአንሶላ ስባ እንድታዞራት አሳየኋት። ጋቢ አጥፋ ከባቷ ሥር ታደርገዋለች፣ ተረከዙ አልጋውን ሳይነካ አየር ላይ ይቆማል። አንድ ነገር በተለይ አስጠናኋት። የአልጋ ቁስል ሲጀምር መጽሐፉ «ይቀላል» ይላል። በእኛ ቆዳ ላይ መቅላቱ ብዙ ጊዜ አይታይም። ቦታው ጠቆር ይላል፣ ይሞቃል ወይም ይጠጥራል። በእጅሽ ዳስሺው፣ ግን እንዳታሺው፣ አልኳት። ግድግዳው ላይ ወረቀት ለጠፍን። ሰዓት፣ ግራ፣ ቀኝ። ልጅቷ አሁን ከብዙ የሥራ ባልደረቦቼ ትበልጣለች። ደመወዟንም ጨመርን፣ ከመጀመሪያውም ያንን ልንከፍል ይገባን ነበር።

ቁስሉ ለመዝጋት ሦስት ወር ግድም ፈጀ። አሁን እሁድ ብቻ አልደውልም። ሰዓቴንም አልናገርም። ፊቷን ካየሁ በኋላ «ተረከዟን አሳዪኝ» እላለሁ። ስልኩ ወደ ታች ይወርዳል።

ትናንት ከሥራ ስወጣ ደወልኩ። እዚያ ሌሊት ነው። የሌሊቷ ሴት አነሳችው፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«እማዬ በየት ጎኗ ናት?»

«አሁን በግራ አዞርኳቸው። ተኝተዋል።»