ማይንዝን አትዝለሉት
«የጀርመናዊው አሰልጣኝ የዩርገን ክሎፕ ታሪክ የሚጀምረው ከዶርትሙንድ ነው» የሚለው አይዋጥልኝም። ሰውየው ማይንዝ በተባለው የጀርመን ክለብ ውስጥ 11 ዓመት ተጫውቷል፤ በአጥቂነት ጀምሮ ወደ ቀኝ ተከላካይነት የተቀየረው እዚያ ነው። በፈረንጆቹ 2001 ቡድኑ ሊወርድ ሲል በቀጥታ ከተጫዋችነት አሰልጣኝ አደረጉት፤ አተረፋቸውም። በ2002 በአንድ ነጥብ፣ በ2003 በአንድ ጎል ብቻ ቡንደስሊጋ (የጀርመን አንደኛ ሊግ) ሳይገቡ ቀሩ። የ2003ቷን አስቡት፦ እነሱ ብራውንሽቫይግን 4 ለ 1 አሸንፈው ሲጠብቁ፣ ተፎካካሪያቸው ፍራንክፈርት በሌላ ጨዋታ በባከነ ሰዓት 6ኛዋን አገባና ቦታውን ወሰደባቸው! በ2004 ግን በክለቡ ታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ አስገባቸው። «ተጫዋች ሳለ ተራ ነበር» ለምትሉም፣ አዎ፣ ሁለተኛ ዲቪዚዮን ነው የተጫወተው። እኔ ግን የሊቨርፑል ደጋፊ ነኝ፤ በ2019 በእሱ አሰልጣኝነት ባርሴሎናን 4 ለ 0 ስንገለብጥ ያየሁት ያንኑ የማይንዝ እልህ ነው።