ሃይማኖት የማን መሣሪያ ነበር?

«ሃይማኖት ገዢዎች ሕዝብን ጸጥ አድርገው ለመግዛት የፈጠሩት ዘዴ ነው» የሚል አስተያየት በማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ሲመላለስ አያለሁ። ላይክም አያጣም። ግማሹ እውነት ነው። እኔን የሚከነክነኝ ሌላው ግማሽ ነው። መሣሪያውን ገዢው ሠራው እንበል። በእጁ ቆየለት ወይ?

ጥንታዊት ግብፅን እንይ። ፈርዖን የፀሐይ አምላኩ የራ ልጅ ነው ተብሎ ይታመን ነበር። ዋናው ሥራው ማአትን መጠበቅ ነው። ማአት እውነትም፣ ፍትሕም፣ የዓለም ሥርዓትም ናት። ዓባይ በጊዜው ከሞላ ማአት ተጠብቃለች ማለት ነው፤ ምስጋናው ለንጉሡና ለአማልክቱ ይደርሳል። (ውሃው የእኛ ደጋ ክረምት ነበር። ከምስጋናው ግን የደረሰን የለም።)

ነገሩ እምነት ብቻ አልነበረም። በኤለፋንታይን ደሴትና በሌሎች ቤተ መቅደሶች የውሃውን ከፍታ የሚለኩ የድንጋይ ደረጃዎች ነበሩ። የውሃው ልክ ምርቱን ይጠቁማል፤ ምርቱ ግብሩን። ገበሬው የሚጸልይበትን ነገር ካህኑ በክንድ ይለካዋል።

ከእህሉም ብዙው የሚገባው አምላክ ቤት ነው። ፈርዖን ራምሴስ 3ኛ ሲሞት የተጻፈ፣ ከ40 ሜትር በላይ የሚረዝም የፓፒረስ ጥቅል አለ። በዚያ ጥቅል ላይ አሞን ለተባለው የቴብስ ከተማ አምላክ ብቻ ከ80,000 በላይ ሰዎችና ከ400,000 በላይ ከብቶች ተቆጥረዋል። እንዲህ ካለ አምላክ ጋር ማን ይጣላል? የወዲያኛው ዓለም ቅጣት ገና ነው፤ የቀለብ መቅረት ግን ነገ ጠዋት ነው።

ቀለቡም አንድ ቀን ቀረ። በዚሁ ንጉሥ 29ኛ የንግሥና ዓመት፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1150ዎቹ ገደማ፣ ዴይር ኤል መዲና በምትባል መንደር የሚኖሩ ባለሙያዎች ሥራ አቆሙ። የነገሥታቱን መቃብር የሚፈለፍሉትና የሚያስጌጡት እነሱ ናቸው። ደመወዛቸው እህል ነው፤ እህሉ ዘገየ። የጥበቃ ኬላዎቹን አልፈው ሄዱና ቤተ መቅደስ አጠገብ ቁጭ አሉ። ሹማምንቱ መጥተው ቢለምኗቸው አልተነሡም። መልሳቸው በጽሑፍ ቆይቶልናል፦ የመጣነው ተርበንና ተጠምተን ነው፤ ልብስ የለም፣ ቅባት የለም፣ ዓሣ የለም፣ አትክልት የለም፤ ለፈርዖን ጻፉለት። ወደ ራምሴስ 2ኛ ቤተ መቅደስም ዘልቀው ገቡ። በመጨረሻ እህሉ መጣ።

የእኛ ሰው «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ይላል። እነዚህ ግን ከሰሱ። አምላክ ክደው አይደለም፤ አቤት ያሉት አምላክ ደጅ ተቀምጠው ነው። ሌላ ቀን ደግሞ ነገሩ የረሃብ ብቻ እንዳልሆነ፣ በፈርዖን ስፍራ ክፉ ሥራ እየተሠራ እንደሆነ ተናገሩ። ልብ በሉ፤ ንጉሡ ማአትን እጠብቃለሁ ባይ ነው። እነሱም ታዲያ ጠብቃታ አሉት። ሕዝቡን ጸጥ ያሰኛል የተባለው ትምህርት ራሱ የአቤቱታ ቋንቋ ሆነ። «ሃይማኖት የገዢ ዘዴ ነው» የሚሉት ወዳጆቼ ይቺን ታሪክ አያነሷትም።

ካህናቱስ? እነሱማ ይብሳሉ። በበዓል ቀን የአሞን ምስል በታንኳ ተደርጎ በካህናት ትከሻ ላይ ይወጣል። ሰው ጥያቄውን ያቀርባል። ወደፊት ከሄደ አዎ፣ ወደ ኋላ ካፈገፈገ አይሆንም ነው። ክርክርም ሹመትም በዚህ ይወሰን ነበር። የሚራመደው አሞን ነው ወይስ ተሸካሚዎቹ ብሎ የጠየቀ ካለ አልተጻፈለትም። ነገሥታቱ ድጋፉን ለማግኘት ሀብት ሲያፈሱ ኖሩ፤ ቤተ መቅደሱም ፈረጠመ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1080 ገደማ ሄሪሆር የተባለ ሰው የጦር አዛዥነትንና የአሞን ሊቀ ካህናትነትን አንድ ላይ ያዘ። ፈርዖኑ ራምሴስ 11ኛ በሕይወት እያለ፣ በካርናክ ቤተ መቅደስ ግንብ ላይ ስሙን በንጉሥ ማዕረግ አስቀረጸ።

ከግብፅ በስተደቡብ፣ በኩሽ መንግሥት፣ ከዚህም የባሰ ታሪክ ተጽፏል። ግሪካዊው የታሪክ ጸሐፊ ዲዮዶሮስ እንደሚለው በኩሽ ከተማ በሜሮኤ የነበሩት ካህናት ሲፈልጉ ለንጉሡ «አማልክት እንድትሞት አዘዋል» ብለው ይልኩበታል፤ እሱም ይሞታል። (ዲዮዶሮስ «ኢትዮጵያ» የሚለው የዛሬዋን ሱዳን ነውና ወደ እኛ አንሳበው።) ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው መቶ ዓመት ግን ንጉሡ ኤርጋሜኔስ፣ በአገሩ ስም አርካማኒ ሳይሆን አይቀርም፣ መልእክቱ ሲደርሰው ወታደሮቹን ይዞ ቤተ መቅደሱ ገባና ካህናቱን ፈጃቸው። ብዙ የታሪክ ሰዎች ትረካውን በጥርጣሬ ያዩታል፤ እኔም ሙሉ በሙሉ አልገዛውም። አንድ ነገር ግን እርግጥ ነው። ከዚያ በኋላ የነገሡት የኩሽ ነገሥታት አሞንን አልተዉም። ንጉሥ ናታካማኒና ንግሥት አማኒቶሬ ከክርስቶስ ልደት በኋላ በ1ኛው መቶ ዓመት ናጋ በተባለች የኩሽ ከተማ ለአሞን ትልቅ ቤተ መቅደስ አሠርተዋል። ካህናቱን ፈጀ የተባለው ንጉሥም መሣሪያውን ከእጃቸው ነጠቀ እንጂ አልሰበረውም።