«አሪፍ»ን አታባሩት

የእህቴ ልጅ ስምንተኛ ክፍል ናት። ሰሞኑን የአማርኛ ደብተሯን ይዛ መጣች። የመስቀልን በዓል እንዴት እንዳሳለፈች የጻፈችበት ድርሰት ነው። «ደመራው አሪፍ ነበር» ይላል አንዱ ዓረፍተ ነገር። «አሪፍ» በቀይ እስክሪብቶ ተሰርዞ ከጎኑ «የመንገድ ቃል» ተብሎበታል። «ታዲያ ምን ልበል?» አለችኝ። ጥሩ? ቆንጆ? ግሩም? አንዱም አልገጠመም። ልጅቷ ልትል የፈለገችው «አሪፍ» ነዋ!

የመንገድ ቃል መሆኑን አልክድም። ግን የመጣበትን መንገድ እንየው። ሥሩ ዐረብኛ ነው፤ «ዓሪፍ» ማለት የሚያውቅ ሰው ማለት ነው። ያ ዕውቀት ዛሬም አብሮት አለ። አንዱ ሊያታልለን ሲሞክር «አሪፍ ልትሆንብኝ ነው?» የምንለው ቆንጆ ልትሆንብኝ ነው ለማለት አይደለም። ከእኔ በላይ ዐውቃለሁ ብለህ ልትሸውደኝ ነው ማለታችን ነው። የቅርብ ዘመዱ «አራዳ»ም እንዲሁ ብልጠትን ይዞ የሚዞር ቃል ነው። እሱ የተወለደው እዚሁ አዲስ አበባ፣ ጊዮርጊስ አካባቢ በነበረው የአራዳ ገበያ ሲሆን፣ ገበያው በጣሊያን ወረራ ዘመን ወደ መርካቶ ሲዛወር ስሙ ግን የነቃ ሰው መጠሪያ ሆኖ ቀረ። «አራዳ» ከሰው አልወጣም። አራዳ ሻይ፣ አራዳ ጫማ አይባልም። «አሪፍ» ግን ከሰው ተነስቶ ሻዩንም ጫማውንም፣ ቀኑንም ሐሳቡንም ያዘ።

ስንት ትርጉም እንዳለው ማወቅ የፈለገ ሰው ተቃራኒዎቹን ይቁጠር። የአሪፍ ሥራ ተቃራኒ ቀሽም ሥራ ነው። የአሪፍ ልጅ ተቃራኒ አንዳንዴ ፋራ ነው፣ አንዳንዴ ደግሞ ነገረኛ። የአሪፍ ቀን ተቃራኒ ደባሪ ቀን ነው። ገበያ ላይ ደግሞ ለብቻው ይታይ። ገዢው «አሪፍ ዋጋ አገኘሁ» ካለ ረክሶለታል፣ ሻጩ ካለ ግን ከፍ አድርጎ ሸጧል። አንድ ዕቃ፣ አንድ ብር፣ አንድ ቃል፤ ሁለቱም ልክ ናቸው፣ የሚሰማቸውም አይሳሳትም።

በነገራችን ላይ ሰዋስውም አለው። «አዲስ» ሲበዛ «አዳዲስ» ይሆናል፣ «ትልቅ»ም «ትልልቅ»። «አሪፍ» ግን መሐሉ አይነካም፤ «አሪፍ አሪፍ ልብሶች» ብለን ሙሉውን እንደግመዋለን። ይህን ሕግ ያስተማረን የለም፣ ግን ሁላችንም እናውቀዋለን።

እኔ ግን ከሁሉ አብልጬ የምወደው «አሪፍ አይደለም» ሲባል ነው። አንድ ቀን ታክሲ ውስጥ ረዳቱ ለአንዲት እናት መልስ አሳንሶ ሰጣቸው። እሳቸው ሳንቲሙን መዳፋቸው ላይ ዘርግተው ደጋግመው ቆጠሩ፣ ግን አልተናገሩም። ከኋላ የተቀመጠ ወጣት «ወንድሜ፣ ይሄ እኮ አሪፍ አይደለም» አለው፣ ድምፁንም ሳያነሳ። ረዳቱ አንገቱን ደፍቶ የቀረውን 5 ብር አውጥቶ ሰጣቸው። ወጣቱ «ሌባ» ቢለው ኖሮ እዚያው ይያያዙ ነበር፤ «ነውር ነው» ቢለው ደግሞ ረዳቱ «አንተ ማን ነህና!» ማለቱ አይቀርም። «አሪፍ አይደለም» ግን አንተም ታውቀዋለህ፣ ከዚህ የተሻልክ ሰው ነህ እያለ ነው የሚገሥጸው። ሰውየውን ሳያዋርድ ጥፋቱን ይነግረዋል። ይህን ያህል ሥራ በሁለት ቃል የሚሠራ የመጽሐፍ አማርኛ ካለ አሳዩኝ።

ባለፈው ዓመት ደግሞ የሰፈራችን ባለሱቅ አረፉ። ቀብራቸው ላይ የሕይወት ታሪካቸው ተነበበ። ደግ፣ ሩኅሩኅ፣ ሰው አክባሪ ተባለ፤ እውነትም ነበሩ። ግን ይህ ለሁሉም ሟች የሚነበብ ስለሆነ ማንም ቀና ብሎ አላየም። ማታ ድንኳን ውስጥ ከአጠገቤ ሰፈር ውስጥ መኪና የሚያጥብ ልጅ ተቀምጧል። ንፍሮውን እንደያዘ ብዙ ቆየና «አሪፍ ሰው ነበሩ» አለ። ዝናብ በዘነበና ሥራ በጠፋ ቀን ዳቦ በዱቤ እየሰጡት ደብተራቸው ላይ የማይጽፉበት ሰውዬ ነበሩ። «አሪፍ» ከ«ነበሩ» ጋር፣ የሰፈር ቃል ከአንቱታ ጋር ሲቀመጥ ያን ማታ ሰማሁ። ያን ቀን ከተባለላቸው ሁሉ እኔን ያስለቀሰኝ ይሄ ነው።

መምህሩ ግማሽ እውነት እንዳላቸው አልጠፋኝም። ልጆቻችን ለምግቡም፣ ለፊልሙም፣ ለጓደኛም «አሪፍ» ብለው ካለፉ ሌላው ቃል ይዝጋል። ይሄ እኔንም ያሳስበኛል። መፍትሔው ግን መሰረዝ አይመስለኝም። በዚያው ቀይ እስክሪብቶ «እንዴት?» ብለው ቢጽፉባት ይበቃ ነበር።

እኔም ጠየቅኋት። «ምኑ ነው አሪፍ የነበረው?»

ትንሽ አሰበች። «ደመራው ተቃጥሎ ሲያልቅ ወደ እኛ ቤት በኩል ወደቀ። ከዚያ እማማ እልል ብላ አቀፈችኝ፤ ነጠላዋ ጭስ ጭስ ይላል።»

«በይ እሱን ከሥሩ ጻፊው» አልኳት። «አሪፍ»ንም መልሳ ጻፈችው።